ሰርጓጅ መርከብ በስዊዝ ቦይ ተደብቆ ማለፍ ይችላል?

ቀይ ባሕር አካባቢ ነገር በሞቀ ቁጥር ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ወሬ አይጠፋም። "የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ በሌሊት ስዊዝን ሾልኮ ገብቷል፤ ማንም አላየውም" ይባላል። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ የሚጠጣው፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠው፣ ስልኩ ላይ ያገኘውን ቪዲዮ ለወዳጁ የሚልከው ሁሉም የየራሱ አስተያየት አለው። አንዱ "እነዚያ ሰዎች የማይችሉት የለም" ይላል። ሌላው "ግብፅ እያወቀች ነው ዝም የምትለው" ይላል። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ "ቦይ እኮ ነው፤ ጥልቀቱ ስንት ቢሆን ነው?" ብሎ ይጠይቃል።

ይኼ የመጨረሻው ሰው ነው ትክክለኛውን በር ያንኳኳው። ሁለተኛው ሰውም ቢሆን ጨርሶ አልሳተም። እንዴት እንደሆነ ወደ በኋላ እናያለን።

ከተማዋ ለባሕር ወሬ ጆሮ መስጠቷ አያስገርምም። ድሬዳዋ የተወለደችው ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። ዛሬም ደረቅ ወደቡ፣ ነፃ የንግድ ቀጠናውና አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ዓይናቸው ጅቡቲ ላይ ነው። ባሕሩ ከዚህ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀርበናል። ቀይ ባሕር ላይ የሆነ ነገር ቀፊራ ገበያ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። ስለዚህ ወሬውን በሳቅ ከማለፍ ነገሩን ፈታ አድርጎ ማየት ይሻላል።

አጭሩ መልስ ይኼ ነው። ሰርጓጅ መርከቦች በስዊዝ ያልፋሉ፤ ደግሞም ደጋግመው። ነገር ግን የሚያልፉት ውኃው ላይ ተንሳፍፈው፣ ፀሐይ እየመታቸው፣ ከዳር ሆኖ የሚያይ ሰው ሁሉ እያያቸው ነው። መደበቅ የሚጀምሩት ከቦዩ ከወጡና ጥልቅ ውኃ ካገኙ በኋላ ነው።

ቦዩ ምን ይመስላል?

የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1869 ተከፈተ። ከፖርት ሰኢድ እስከ ስዊዝ ከተማ 193 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። እንደ ፓናማ ቦይ በር የለውም። ፓናማ ላይ መርከቡ በውኃ ደረጃዎች 26 ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ፣ በየደረጃው በር እየተዘጋበትና እየተከፈተለት ነው የሚሻገረው። እዚያ ስለመደበቅ ማውራት ከንቱ ነው። የሰው እጅ በሩን ካልከፈተው አይታለፍም። ስዊዝ ግን ከባሕር ወደ ባሕር የተቆፈረ ክፍት መስመር ነው። ወሬው ስዊዝ ላይ የሚያተኩረውም ለዚህ ይመስላል፤ በር ከሌለው "ሾልኮ ማለፍ" የሚቻል ይመስላል።

ጥልቀቱ 24 ሜትር ነው። እሱም መሐሉ ላይ ብቻ። ጎኖቹ ተዳፋት ናቸው። ከላይ ሲታይ ከ200 ሜትር በላይ ሰፊ ይመስላል፤ ወደ ታች ሲኬድ ግን እየጠበበ ይሄዳል። እንዲያልፉ የሚፈቀድላቸው መርከቦች ድራፍታቸው ቢበዛ 20 ሜትር ያህል ነው። ድራፍት ማለት የመርከቡ አካል ከውኃው ወለል በታች የሚገባበት ጥልቀት ነው። ትልቁ መርከብ በሚያልፍበት ሰዓት ከሆዱ እስከ ቦዩ ወለል የሚቀረው 4 ሜትር አካባቢ ነው ማለት ነው።

መርከቦቹ በፈለጉበት ሰዓት አይገቡም። ኮንቮይ ይሠራሉ፤ ማለትም ርቀታቸውን ጠብቀው በሰልፍ ይጓዛሉ። እያንዳንዱ መርከብ ላይ የቦዩ ባለሥልጣን ፓይለት ይወጣል። ፓይለቱ ውኃውን የሚያውቅ መሪ ነው፤ ካፒቴኑን ያማክራል። ጉዞውን ራዳር ይከታተለዋል። ፍጥነቱ የተገደበ ስለሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ይፈጃል። ሰልፉ አብዛኛውን ጊዜ ከንጋት በፊት ስለሚነሳ "በሌሊት አለፈ" የሚለው አባባል ራሱ አይሠራም። በጨለማ የገባ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚወጣው።

ዳርና ዳሩም በረሃ ብቻ አይደለም። መንገድ አለ፣ የጦር ኬላ አለ፣ ኢስማኢሊያን የመሰለ ከተማ አለ። ጀልባዎች ሰውና መኪና ጭነው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። ከላይ ድልድይ፣ ከታች ዋሻ አለ።

ጠልቆ ለማለፍ ቢሞክርስ?

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሎስ አንጀለስ የሚላቸው ሰርጓጆች 110 ሜትር ይረዝማሉ። የአካላቸው ስፋት 10 ሜትር ነው። ጀርባቸው ላይ ፔሪስኮፑን፣ ማለትም ከውኃ በላይ የሚያዩበትን ቱቦ፣ እና አንቴናዎቹን የያዘ ማማ ቆሟል። ከሆዳቸው እስከ ማማው ጫፍ 15 ሜትር ገደማ ይሆናል። ኦሃዮ የሚባሉት ደግሞ ይበልጣሉ፤ ርዝመታቸው 170 ሜትር፣ ስፋታቸው ወደ 13 ሜትር ነው።

24 ላይ 15 ሲቀነስ 9 ይቀራል። እንግዲህ በወረቀት ላይ አነስ ያለው ይገባል። "ይቻላል" የሚሉ ሰዎች የሚይዙት ይህንን ስሌት ነው፤ ስሌቱም ስህተት የለበትም። ችግሩ ሰርጓጁ ወረቀት ላይ አለመጓዙ ነው።

መጀመሪያ ውኃው ራሱ ያጋልጠዋል። 7 ሺህ ቶን የሚሆን አካል በጠባብ ቦይ ውስጥ ሲገፋ፣ ከፊቱ ያለው ውኃ የግድ በጎኑና በላዩ መፍሰስ አለበት። ክፍት ባሕር ላይ ይኼ ምልክት ጥልቀት ውስጥ ይጠፋል። ቦይ ውስጥ የሚጠፋበት ቦታ የለም። ከላይ የውኃው ገጽ ላይ እብጠትና ሞገድ ሆኖ ይወጣል፤ ከታች ደግሞ የተረበሸው ጭቃ ከኋላ ይከተለዋል። ዳር የቆመ ዓሣ አጥማጅ ሳይቀር ያየዋል። ተሳቢ መኪና ይዤ በሐረር ጀጎል መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ ጎዳና ማንም ሳያየኝ አልፋለሁ እንደማለት ነው። ሊገባ ይችል ይሆናል፤ ሳይታይ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው መርከበኞች ስኳት የሚሉት ነገር ነው። መርከብ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ሲሄድ ከሥሩ የሚያልፈው ውኃ ይፈጥናል። የፈጠነ ውኃ ግፊቱ ይቀንሳል፤ መርከቡም ወደ ታች ይሳባል። በጎን በኩልም እንዲሁ ነው። ወደ ዳር የተጠጋ መርከብ የኋላ ክፍሉ ወደ ዳሩ ይሳባል፣ አፍንጫው ወደ መሐል ይገፋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለው 400 ሜትር የሚረዝም የኮንቴይነር መርከብ ቦዩን ዘግቶ 6 ቀን ሲቆም ኃይለኛው ነፋስ ብቻውን አልነበረም የተወቀሰው፤ የፍጥነትና የዳር መሳብ ነገርም ተነስቷል። ያ መርከብ ፓይለት ነበረው፣ መስኮት ነበረው፣ ሬዲዮ ነበረው። ሰርጓጁ ይህን ሁሉ ትቶ፣ ከላይም ከታችም ጥቂት ሜትር ብቻ ይዞ፣ 193 ኪሎ ሜትር አንድም ጊዜ ሳይሳሳት መሄድ አለበት።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የማይነሳ ነው፤ ጨው። ሰርጓጅ መርከብ የሚጠልቀው ባላስት በሚባሉ ታንከሮቹ ውኃ በማስገባት ነው። ከጠለቀ በኋላ ክብደቱ ቦታውን ከሚይዝበት ውኃ ክብደት ጋር ልክ እኩል መሆን አለበት። ትንሽ ከበደ ይሰምጣል፤ ትንሽ ቀለለ ይንሳፈፋል። ፖርት ሰኢድ አካባቢ የሜዲትራኒያን ውኃ በኪሎ ወደ 39 ግራም ጨው አለው። ስዊዝ ጫፍ ላይ ወደ 42 ይጠጋል። መሐል ላይ ያሉት መራራ ሐይቆች ደግሞ ስማቸው እንደሚያመለክተው ሌላ ባሕርይ አላቸው። የ3 ግራም ልዩነት ምንም አይመስልም። ለ7 ሺህ ቶን ሰርጓጅ ግን በግምት የ15 ቶን የክብደት ለውጥ ማለት ነው። ክፍት ባሕር ላይ ይኼ ቀላል ነው፤ ሰርጓጁ ጥቂት ሜትር ከፍ ዝቅ እያለ ያስተካክላል። እዚህ ከፍ ካለ ማማው ይወጣል፣ ዝቅ ካለ ወለሉን ይመታል።

የመጨረሻው ማየት ነው። ከውኃ በታች ጂፒኤስ አይሠራም። ሰርጓጁ ቦታውን የሚያውቀው የራሱን እንቅስቃሴ በሚቆጥር መሣሪያ ነው። ለውቅያኖስ በቂ ነው። ለቦይ ግን የጥቂት ሜትር ስህተት ዳር ያስመታል። ፔሪስኮፕ ቢያወጣ ታየ። ሶናር ቢልክ፣ ማለትም ድምፅ ልኮ የሚመለሰውን እያዳመጠ መንገዱን ቢፈልግ፣ "እዚህ ነኝ" ብሎ እንደመጮህ ነው። ዝም ብሎ ቢያዳምጥ ደግሞ የሚሰማው ከፊትና ከኋላው ያሉት መርከቦች ሞተር ነው።

እነዚህን አንድ ላይ ስናስቀምጣቸው አንድም ካፒቴን ይህን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚገባበት ምክንያት አይታይም። ቢሊዮኖች ዶላር የወጣበት ጀልባ፣ ከ100 በላይ ሠራተኛ፣ ምናልባትም የኑክሌር ማብላያ ይዞ ቦዩ ውስጥ ቢጋጭ የሚፈጠረው ጣጣ ከየትኛውም ምስጢር ይበልጣል።

በሌላ መርከብ ሥር ተከልሎስ?

ይኼ ሐሳብ ከፊልም የመጣ ነው፤ ግን ደጋግሞ ስለሚነሳ ቶሎ እንየው። 20 ሜትር ድራፍት ያለው መርከብ ከሥሩ 4 ሜትር ነው የሚተወው። 10 ሜትር ድራፍት ያለውን ብንወስድ 14 ሜትር ይተርፋል። የሰርጓጁ ቁመት 15 ሜትር ነው። የእስራኤል ዶልፊን ዓይነት 57 ሜትር ብቻ የሚረዝም አነስተኛ ሰርጓጅ ቢሆን እንኳ፣ ከላዩ ትልቅ ብረት እየተጎተተ፣ ከኋላ የመርከቡ ውልብልቢት እየዞረ፣ ሁለቱም በስኳት ወደ ታች እየተሳቡ ግማሽ ቀን መጓዝ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ማውራት አያስፈልግም።

ታሪክስ ምን ይላል?

ጠባብ ውኃ ውስጥ ጠልቀው ያለፉ ሰርጓጆች ኖረው ያውቃሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ቢ 11 የተባለችውን ትንሽ ሰርጓጅ ቱርክ ውስጥ ወዳለው ዳርዳኔልስ ሰርጥ አስገብተው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 13 ቀን 1914 መሱዲዬ የተባለውን የኦቶማን የጦር መርከብ አስመጥተዋል። በሚያዝያ 1915 የአውስትራሊያዋ ኤ.ኢ. 2 ፈንጂውንና ምሽጎቹን አልፋ ማርማራ ባሕር ደረሰች። ይኼ "ከተፈለገ ይቻላል" ለሚሉት ጥሩ ማስረጃ ይመስላል።

ቀረብ ብሎ ሲታይ ግን ወደ ሌላ ነው የሚያመለክተው። ዳርዳኔልስ በጠባቡ ቦታ እንኳ 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ ጥልቀቱም በአማካይ ከ50 ሜትር በላይ ነው። ከስዊዝ ጋር አይወዳደርም። እንዲያም ሆኖ ኤ.ኢ. 2 ምሽግ ሥር ሁለት ጊዜ ወለል መትታ ቆማ ነበር። ከእሷ ጥቂት ቀናት ቀደም ብላ የገባችው ኢ 15 ዳር ላይ ወጥታ እዚያው ቀረች። በዚያ ላይ ጊዜው ሶናር ገና ያልተስፋፋበት ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጆች በጂብራልታር ወደ ሜዲትራኒያን ገብተዋል። ከአትላንቲክ በላይኛው ንጣፍ የሚገባው የውኃ ፍሰት ረድቷቸዋል። ጂብራልታር ግን በጠባቡ 14 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱም በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ነው።

የሰላም ጊዜ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1981 የሶቪየት ሰርጓጅ ስዊድን ውስጥ ካርልስክሮና የባሕር ኃይል ሠፈር አጠገብ አለት ላይ ወጥቶ ተገኘ። ጠዋት ላይ ያዩት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ዓለም ሁሉ ፎቶውን አየ።

ሕጉ

ስዊዝን የሚገዛው ዋናው ሰነድ የ1888ቱ የቁስጥንጥንያ ስምምነት ነው። ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ ለንግድም ለጦር መርከብም፣ የማንንም ባንዲራ ሳይለይ ክፍት ይሆናል ይላል። በተግባር ግን ሁልጊዜ እንዲያ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1956 የግብፁ ፕሬዚዳንት ናስር ቦዩን ከወረሱ በኋላ በተከፈተው ጦርነት ተዘግቷል፤ ከ1967 እስከ 1975 ደግሞ 8 ዓመት ሙሉ ተዘግቶ የጅቡቲ ወደብ ሥራ ክፉኛ ቀዝቅዞ ነበር። ዛሬ የጦር መርከብ የሚያልፈው ቀድሞ አሳውቆ፣ ተመዝግቦ፣ ከፍሎ ነው። ለኑክሌር መርከቦች ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ አለ። ጠልቆ ማለፍ የሚባል አማራጭ በአሠራሩ ውስጥ የለም።

ለማነፃፀር ያህል፣ የቱርክን ሰርጦች የሚመለከተው የ1936ቱ የሞንትሮ ስምምነት ለሰርጓጆች በግልጽ ደንግጓል። በቀን፣ ውኃው ላይ ሆነው፣ አንድ በአንድ ይለፉ ይላል። የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነትም በአንድ አገር የባሕር ክልል ውስጥ የሚያልፍ ሰርጓጅ ውኃው ላይ ወጥቶ ባንዲራውን ያሳይ ይላል።

ምስጢር ለማን?

"ግብፅ እያወቀች ነው" ያለው ሰው ጥሩ ነጥብ የነካው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰርጓጅ ሳይነገር ሊያልፍ ይችላል። የቦዩ ባለሥልጣን ያውቃል፣ ፓይለቱ ያውቃል፣ አጃቢዎቹ ያውቃሉ፤ ዜና ላይ ግን አይወጣም። ይኼ ያልተነገረ ጉዞ ነው እንጂ ያልታየ ጉዞ አይደለም። ብዙው ክርክር የሚደናገረው ሁለቱን አንድ በማድረግ ነው።

የእስራኤል ዶልፊን ሰርጓጅ እ.ኤ.አ. በ2009 በቦዩ ወደ ቀይ ባሕር ማለፉ የተዘገበው ካለፈ በኋላ ነው። ያለፈው ተንሳፍፎ ነበር። ወሬው ትልቅ የሆነው ተደብቆ ስላለፈ አልነበረም። ግብፅ ዓይኗ እያየ የእስራኤል ሰርጓጅ በደጃፏ ማለፉ ነው ያነጋገረው።

አሜሪካኖቹ ደግሞ ጭራሽ ራሳቸው ይናገራሉ። በሚያዝያ 2023 ዩ.ኤስ.ኤስ. ፍሎሪዳ የተባለው የኦሃዮ ክፍል ሰርጓጅ ወደ አካባቢው መግባቱን ባሕር ኃይሉ አስታወቀ። በኅዳር 5 ቀን 2023፣ የጋዛ ጦርነት ከተጀመረ ከወር ገደማ በኋላ፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ዕዝ አንድ የኦሃዮ ክፍል ሰርጓጅ መድረሱን ከነፎቶው ለጠፈ። ፎቶው ላይ በስዊዝ ቦይ ላይ የተዘረጋው ድልድይ ይታያል። ሰርጓጅ መርከብ ያለበትን ቦታ መናገር የባሕር ኃይል ልማድ አይደለም። ሆን ተብሎ ነው የተነገረው። መልእክቱም ለኢራን ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል።

በእኔ አስተያየት የወሬው ትልቁ ክፍተት እዚህ ነው። መደበቅ የፈለገ የኑክሌር ሰርጓጅ ስዊዝን አይመርጥም። አፍሪካን በደቡብ ዞሮ መምጣት ይችላል። ነዳጅ አያልቅበትም፤ የሚገድበው የሠራተኛው ምግብ ነው፤ እሱም ለሦስት ወር ያህል ይይዛል። ጊዜ ይፈጅበታል፤ ግን አንድም ዓይን አያየውም። በስዊዝ የመጣ እንግዲህ ወይ ቸኩሏል፣ ወይ እንዲታይ ፈልጓል።

"የምናውቀው የተነገረንን ብቻ ነው፤ ያልተነገረን ስንት ይሆን?" የሚል ክርክር ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ዛሬ ከሕዋ ፎቶ የሚያነሱት የመንግሥታት ሳተላይቶች ብቻ አይደሉም። የንግድ ኩባንያዎችም ያነሳሉ፤ ገንዘብ ያለው ይገዛል። ከ100 ሜትር በላይ የሚረዝም ጥቁር አካል በቦይ መሐል ሲሄድ ለመለየት ባለሙያ መሆን አይጠይቅም።

ትንንሾቹስ?

እስካሁን ያወራነው ስለ ትልልቆቹ ነው። ሰው አልባ የውኃ ውስጥ ድሮኖች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ጥቂት ሜትር ብቻ የሚረዝም ድሮን ቦዩ ውስጥ ቦታ አይጠበውም፤ ውኃም ብዙ አይገፋም። በመርህ ደረጃ ሳይታይ የተወሰነ ርቀት ሊሄድ ይችላል። እዚህ ላይ "አይቻልም" ብሎ መደምደም ጥድፊያ ነው።

ግን ለምን? ባትሪው ውስን ነው። መንገዱ ረጅም ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ኮንቴይነር ውስጥ ከትቶ በተራ ጭነት መርከብ ማሳለፍ ይቀላል። ስለዚህ "በቦዩ ተደብቆ የሚያልፍ ሰርጓጅ" አለ ከተባለ፣ በተራ ጭነት መርከብ ሆድ ውስጥ በሰነድ ተሸፍኖ የሚያልፈው ነው። ያንን የሚይዘው የጉምሩክ ፍተሻና መረጃ ነው እንጂ ሶናር አይደለም።

ለእኛ የሚቀርበው በር

ወሬው ሁሉ ስዊዝ ላይ ሲያተኩር፣ ከጅቡቲ ፊት ለፊት ያለው ባብ ኤል መንደብ ይረሳል። እዚህ ታሪኩ ይገለበጣል።

ባብ ኤል መንደብ ቦይ አይደለም፤ የተፈጥሮ ሰርጥ ነው። ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማዩን የተባለችው ደሴት ለሁለት ትከፍለዋለች። በየመን በኩል ያለው መስመር ጠባብና ጥልቀቱም ትንሽ ነው። በአፍሪካ በኩል ያለው ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ወደ 300 ሜትር ይደርሳል። ለሰርጓጅ ይኼ ሰፊ ሜዳ ነው። ከዚህም በላይ ከቀይ ባሕር የሚወጣው ጨዋማ ውኃ ከታች፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገባው ከላይ የሚሄድበት ወቅት አለ። እነዚህ ንጣፎች ድምፅን ያጣምማሉ። ሶናር ለሚያዳምጥ አስቸጋሪ፣ ለሚደበቅ ምቹ ነው።

ሕጉም ይለያል። ዓለም አቀፍ መርከቦች የሚጠቀሙባቸው ሰርጦች ላይ የ1982ቱ ስምምነት ለመርከቦች በተለመደው አኳኋናቸው ሳይቆሙ የማለፍ መብት ይሰጣል። የሰርጓጅ የተለመደ አኳኋን ደግሞ መጥለቅ ነው። ትልልቆቹ ባሕር ኃይሎች ሕጉን የሚተረጉሙት እንዲህ ነው። ጽሑፉ ግን "ጠልቆ" የሚል ቃል ስለሌለው በዚህ ትርጉም የማይስማሙም አሉ።

ስለዚህ በሌሊት ማንም ሳያየው ወደ ቀይ ባሕር የገባ ሰርጓጅ ካለ የገባው በሰሜኑ በር ሳይሆን በደቡቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ጦርነት ግብፅ እስራኤልን ከደቡብ ለመዝጋት ባሕር ኃይሏን ያሠማራችው እዚሁ ነበር። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ቻይና ጅቡቲ ላይ ሠፈር የያዙትም ያለ ነገር አይደለም።

ታዲያ ገበያው ላይ ምን ያመጣል?

ሰርጓጅ መርከብ በራሱ የቀፊራን ዋጋ አያንቀሳቅስም። ባለፉት ዓመታት ቀይ ባሕርን ያናጋው ከየብስ የተተኮሰ ሚሳኤልና ርካሽ ድሮን ነው። የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች በኅዳር 19 ቀን 2023 ጋላክሲ ሊደር የተባለውን መርከብ የያዙት በሄሊኮፕተር ወርደው ነው። ሩቢማር የተባለው ጭነት መርከብ በሚሳኤል ተመትቶ በመጋቢት 2024 ሰመጠ፤ የጫነው ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ ነበር። በ2023 በስዊዝ ያለፉት መርከቦች ከ26 ሺህ በላይ ነበሩ። በ2024 ወደ 13 ሺህ ወረዱ። የግብፅ የቦይ ገቢም ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው ወደ 4 ቢሊዮን ወረደ።

ይህን ያህል መርከብ የሸሸው ሁሉም ስለተመታ አይደለም። የጦርነት ሥጋት መድን የሚባል ክፍያ አለ። መርከብ አደገኛ ቀጠና ሲገባ ከመደበኛው መድን በላይ የሚከፍለው ነው። በጥቃቱ ወራት ይኼ ክፍያ ከመርከቡ ዋጋ 1 በመቶ ድረስ ተጠግቷል። 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ መርከብ ለአንድ ጉዞ 1 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ለኩባንያው ከዚያ ይልቅ አፍሪካን መዞር ይቀለዋል፤ ምንም እንኳ ከ10 ቀን በላይ ቢጨምርበት።

እዚህ ላይ የድሬዳዋ ነጋዴ ካርታውን ቢያይ ጥሩ ነው። ጅቡቲ ወደብ ከባብ ኤል መንደብ ውጭ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው ያለው። ከቻይናና ከሕንድ የተጫነ ዕቃ ጅቡቲ ለመድረስ ቀይ ባሕርን ማቋረጥ አይጠበቅበትም። እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ያለው ስልክና ልብስ አብዛኛው የሚመጣው ከእነዚህ አገሮች ነው። እንዲያም ሆኖ ዋጋው ሊነካ ይችላል። መርከቦቹ መስመር ሲቀይሩ ኮንቴይነር ያንሳል፤ ጅዳ ላይ ተራግፎ ወደ ጅቡቲ የሚዞር ጭነትም ይዘገያል። ግን "ስዊዝ ስለተዘጋ ነው" የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ዕቃው ከየት እንደተጫነ መጠየቅ አይከፋም።

ከጥቁር ባሕር የሚመጣ ስንዴና ከሞሮኮ የሚጫን ማዳበሪያ ሌላ ነው። እነዚህ ሁለቱንም በሮች ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ስዊዝን፣ ቀጥሎ ባብ ኤል መንደብን አልፈው ነው ወደ ጅቡቲ የሚታጠፉት። መንገዱ ካልተመቸ ያላቸው አማራጭ አፍሪካን መዞር ብቻ ነው። የመኸር ዘር ደግሞ መርከብ አይጠብቅም።